የሰፈራችሁን ካርታ በወረቀት ለማውጣት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በስልክ አቅጣጫ መንገር ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃል። «ከአደባባዩ ግባ፣ ትራንስፎርመሩ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ አራተኛው ብሎክ።» በሌሊት የመጣ የአምቡላንስ ሹፌር ትራንስፎርመሩን ከየት ያየዋል? ብሎኮቹ እንደሆኑ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። ጥበቃ ቤታችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ፣ በየብሎኩ መግቢያ ደግሞ ትንሽ ካርታ ይኑር ብዬ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ሥራዬ የሕንፃ ፕላን መሳል ነው። ቀኑን ሙሉ ኦቶካድ በሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ላይ እውላለሁ። ስለዚህ የመስመር ውፍረትና ስኬል ላይ ቸል ማለት አይሆንልኝም። የሰፈር ካርታ ለመሥራት ግን የኔ ሙያ ግድ አይደለም። ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት፣ ከዚያም ሰፈሩን በእግር ለመዞር ፈቃደኛ መሆን ይበቃል። የምነግራችሁ ፕሮግራሞች ሁሉ በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ስክሪንሾት ለምን አይሆንም

ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ካርታ ይከፍትና ስክሪንሾት አንስቶ ማተሚያ ቤት ይልካል። ስሌቱን እንየው። ወርዱ 1920 ፒክስል የሆነ የኮምፒውተር ስክሪን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም የሚሸፍነው 16 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የኤ3 ወረቀት ርዝመት 42 ሴንቲሜትር ነው። ምስሉን ለጥጣችሁ ወረቀቱን ስትሞሉት ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ቀጭኑ መንገድ ይሸራረፋል። በዚያ ላይ የንግድ ድርጅት ካርታ አትሞ ማደል በድርጅቱ የአጠቃቀም ደንብ የታሰረ ነው።

ቬክተር ካርታ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ፣ ውፍረቱ ይህን ያህል» ተብሎ ነው። ስለዚህ ያው ፋይል ኤ4 ላይም ሆነ ሁለት ሜትር ባነር ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። እኛ ሁለቱንም እንፈልጋለን። ኤ4ው ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለየቤቱ ይሄዳል፣ ባነሩ ጥበቃ ቤት ይሰቀላል። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ከነዚህ ሁለት ማሽኖች የሚመጣ ነው፦ ከፎቶ ኮፒውና ከባነር ማተሚያው።

መረጃው ከየት ይመጣል

ከኦፕንስትሪትማፕ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት እንግሊዝ አገር የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚስሉት የካርታ መረጃ ነው። ፈቃዱ ኦፕን ዳታቤዝ ላይሰንስ ይባላል። ካርታውን ማተም፣ ማደል፣ ብትፈልጉም መሸጥ ትችላላችሁ። የሚጠየቀው ምንጩን በግልጽ መጻፍ ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ «© የኦፕንስትሪትማፕ አስተዋጽዖ አድራጊዎች» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀት ላይ ሊንክ መጫን ስለማይቻል የድረ ገጹንም አድራሻ አክሉበት። ይህን አትዝለሉት። ማንም ሳይከፍላቸው መንገዳችንን የሳሉ ሰዎች ናቸው።

ቸኩላችሁ ከሆነ አጭር መንገድ አለ። የኦፕንስትሪትማፕን ድረ ገጽ ክፈቱ፣ የማጋሪያ ምልክቱን ተጫኑ፣ ምስል የሚለው ሥር ፒዲኤፍ ወይም ኤስቪጂ ምረጡ። ሁለቱም ቬክተር ናቸው። ማፖስማቲክ የሚባል አገልግሎትም አለ። የወረቀት መጠን ትመርጣላችሁ፣ ካርታውን ከመንገድ ስም ዝርዝር ጋር አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ለመሀል ከተማ እነዚህ ሊበቁ ይችላሉ። ለእኛ አይበቁም። ቀለሙንና መልኩን እነሱ ናቸው የሚወስኑት፤ የብሎክ ቁጥር ጎላ ይበልልኝ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

ስለዚህ ኪውጂአይኤስ ወደሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም እንሂድ። ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ጫኑት። «ሎንግ ተርም ሪሊዝ» የሚለውን ምረጡ፣ እሱ የተረጋጋ ነው። ከዚያ የፕለጊን (የተጨማሪ መሣሪያ) ማውጫው ውስጥ የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ የሚያወርደውን ኩዊክ ኦኤስኤም ፈልጋችሁ ጨምሩ። ሰፈራችሁን ስክሪኑ ላይ አምጡና ኩዊክ ኦኤስኤምን ክፈቱ። ቁልፍ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ቦታውን «ካንቫስ ኤክስቴንት» (ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቦታ) አድርጉና አስኪዱት። ለመንገድ «ሃይዌይ»፣ ለሕንፃ «ቢልዲንግ»፣ ለወንዝ «ዋተርዌይ»፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለአምልኮ ቦታ «አሜኒቲ» ነው። በዳታ ጥቅላችሁ ተሳሰቡ፤ ከሰፈሩ ውጭ ያለውን አታውርዱ።

እዚህ ጋ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። የወረዱት ሌየሮች (የመረጃ ድርቦች) ጊዜያዊ ናቸው። መብራት ከጠፋ አብረው ይሄዳሉ። ወዲያው እያንዳንዱን ጂኦፓኬጅ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ።

ስታስቀምጡም የቦታ መለኪያ ሥርዓቱን «ዩቲኤም ዞን 37 ኖርዝ» አድርጉት፤ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 32637 ነው። ዞኑ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ይሸፍናል። መሀል መስመሩ 39 ዲግሪ ላይ ነው፣ አዲስ አበባም እዚያው አጠገብ ናት። ለኛ የተመቸ ነው። በድረ ገጽ ካርታዎች ሥርዓት እንዳለ ከተዋችሁት በኛ አካባቢ ርቀት ከ1 በመቶ በላይ ይለጠጣል። ከወረዳ ወይም ከቀያሽ ያገኛችሁት የቆየ ፕላን ካለ ደግሞ «አዲንዳን» የሚል ተጽፎበት እንደሆነ እዩ። አዲንዳን ሌላ የቦታ መለኪያ መነሻ ነው። ሳይቀየር ከደረባችሁት ሕንፃዎቹ ከመቶ ሜትር በላይ ተንሸራተው ይወጣሉ።

ወረቀቱን አስቀድሞ መወሰን

ቀለም መቀባት ከመጀመራችሁ በፊት የወረቀቱን መጠንና ስኬሉን ወስኑ። ኦቶካድ ላይ ያደግን ሰዎች ይህን እንደ ሕግ ነው የምናየው። በ1 ለ5000 ስኬል ወረቀት ላይ ያለ 1 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ኤ3 ወረቀት ከጠርዙ ትንሽ ሲቀነስ 40 በ27 ሴንቲሜትር ያህል ይተርፈዋል። ያ ማለት 2 ኪሎሜትር በ1.35 ኪሎሜትር ነው። ከአደባባዩ እስከ ውስጥ ሰፈር ለማሳየት ጥሩ ነው። የብሎክ ቁጥር ተነባቢ እንዲሆን ግን 1 ለ2500 ይሻላል። በዚህ ስኬል 25 ሜትር ርዝመት ያለው ብሎክ ወረቀት ላይ 1 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ቁጥሩ ውስጡ ይገባል። ለዚህ ኤ1 ወረቀት፣ ካልሆነም ሰፈሩን ለአራት ከፍሎ አራት ኤ3 ያስፈልጋል።

ለመስመር ውፍረት መለኪያው ሚሊሜትር ይሁን፤ ፒክስል አይሁን። ዋና መንገድ 1.2፣ የውስጥ መንገድ 0.7፣ የእግር መንገድ 0.3 ሆኖ በቁርጥራጭ መስመር። የሕንፃ ጠርዝ 0.2 ይሁን። ከ0.15 በታች አትውረዱ። ስክሪን ላይ ያማረ ቀጭን መስመር የሰፈር ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ይጠፋል። መንገዱን ግራጫ ጠርዝ ያለው ነጭ አድርጋችሁ ከሳላችሁ ደግሞ «ሲምቦል ሌቭልስ» የሚለውን አብሩት። አለበለዚያ መስቀለኛው ላይ የአንዱ መንገድ ጠርዝ ሌላውን ይቆርጠዋል፣ አጥር የተሠራበት ይመስላል።

ቀለምን በተመለከተ አቋሜ ቀላል ነው። ካርታው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲታተም መነበብ አለበት። ወንዙና መንገዱ የሚለዩት በቀለም ብቻ ከሆነ ፎቶ ኮፒው ላይ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ውፍረታቸውና የመስመር ዓይነታቸውም ይለያይ። ኮብልስቶኑን ከአስፋልቱ፣ ገና ያልተነጠፈውን ከሁለቱም ለዩ። በክረምት የትኛው መንገድ ጭቃ እንደሚሆን ማወቅ ለቦቴ ሹፌርም ለአምቡላንስም ትልቅ ነገር ነው።

ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ልጨምር ካላችሁ የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው። ኪውጂአይኤስ ከሱ ኮንቱር ያወጣል። አንዱ ፒክስል ግን 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠቅላላ መልኩን እንጂ የቤታችሁን ደጃፍ ከፍታ አይናገርም። ጎርፍ የት ይደርሳል የሚለውን በሱ አትወስኑ።

ስሞቹ

ከተማ ዳር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መስመሩ ሳይሆን ስሙ ነው። የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው፣ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እነዚህ ማንም የሚያውቃቸው ናቸው። ነዋሪው ግን በነዚህ አይጠራራም። «ወፍጮ ቤቱ ጋ»፣ «ሸማቾች ጋ»፣ «የመጨረሻው ባጃጅ ተራ» ነው የሚለው። ካርታው ላይ እነዚህ ከሌሉ ማንም ራሱን አያገኝበትም። እኔ ከማንም በላይ የማምናቸው የባጃጅ ሹፌሮችን ነው። በቀን ስንቴ ያንን ስም ሰምተው ሰው እንደሚያደርሱ አስቡት። አንድ ሹፌር የነገራችሁን ስም ሌላ ሹፌር ሲደግመው ጻፉት።

ወንዙን፣ ኮረብታውንና የድሮውን ሰፈር ስም ግን ኮንዶሚኒየም ከገባ ሰው አትጠይቁ። እኛ ትናንት የመጣን ነን። መሬቱ እርሻ በነበረበት ጊዜ እዚያው የኖሩ አባቶችና እናቶች አሉ። «ጋሼ፣ ይሄን ወንዝ ምን ይሉታል?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፣ ስሙንም ደግመው እንዲሉላችሁ አድርጉ። አብዛኛው ስም የኦሮምኛ ነው። አጥብቆና አላልቶ መጥራት ትርጉሙን ይለውጣል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በቁቤ ይጻፍላችሁ። ኦፕንስትሪትማፕ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለእንግሊዝኛ ስም የተለያየ ቦታ አለው። ካርታው ላይ ሁለቱንም ማውጣት ትችላላችሁ፤ የአማርኛው ከላይ፣ የቁቤው ከሥሩ በትንሹ። ቦታውን ባለ ስሙ ሲያነበው ደስ የሚል ነገር ነው።

ኪውጂአይኤስ ላይ የጽሑፍ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ትእዛዝ ስጡት፦ የአማርኛ ስም ካለ እሱን ውሰድ፣ ከሌለ ዋናውን ስም ውሰድ። «ኮአሌስ» የሚባለው ፋንክሽን ይህን ይሠራል። ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ የአማርኛውን ስም ዓምድ፣ ቀጥሎ የዋናውን ስም ዓምድ ታስገባላችሁ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ካርታ አሠራር የሚያስተምሩ ጽሑፎች የከተማን ስም በትላልቅ ፊደላት፣ የወንዝን ስም በዘመም ፊደል ጻፉ ይላሉ። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። አብዛኞቹ ፎንቶቻችንም ዘመም ቅርጽ የላቸውም፤ ሶፍትዌሩ በግድ ሲያዘነብለው ፊደሉ ይጣመማል። ስለዚህ ደረጃውን በሌላ መንገድ ማሳየት አለብን። እኔ የሰፈሩን ስም በደማቅ 14 ነጥብ፣ የመንገዱን በቀጭን 9፣ የወንዙን በሰማያዊ ሆሄያቱን ራቅ ራቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ ዓይነት ውፍረት ስላለው ለዚህ ሥራ የምመርጠው እሱን ነው። አቢሲኒካም ያምራል፣ ግን ጭረቶቹ ወፍራምና ቀጭን ስለሚቀላቅሉ በትንሽ መጠን ቀጭኑ ይጠፋል። ከዩኒኮድ (ከዓለም የጋራ የፊደል ኮድ) በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶችን ግን አትንኩ። ኪውጂአይኤስ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ነው የሚመጡት።

መጠኑን ከ8 ነጥብ በታች አታድርጉ። «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለየው አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት። በ6 ነጥብ ታትማ ፎቶ ኮፒ ስትደረግ ያቺ ቀለበት ተደፍና ጥቁር ነጥብ ትሆናለች። «ሰ» ላይ የምትጨመር ጭረትም እንደዚያው። ላቲን ፊደል የሚችለውን ትንሽነት የኛ ፊደል አይችልም። ስሙ መንገድ ላይ ሲያርፍ እንዲነበብ ደግሞ በዙሪያው 0.5 ሚሊሜትር ነጭ ጠርዝ ስጡት። «ባፈር» የሚለው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ሶፍትዌሩ ያስቀመጣቸውን ስሞች በእጃችሁ እየጎተታችሁ አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ካርታውን ካርታ የሚያደርገው ይህ ሥራ ነው።

ማውጣትና ማሳተም

«ፕሪንት ሌይአውት» ክፈቱ፣ የወረቀቱን መጠን ስጡ፣ ካርታውን አስገቡ፣ ስኬሉ ላይ 2500 ወይም 5000 ጻፉ። የርቀት መለኪያ አሞሌ፣ የሰሜን ቀስት፣ የምልክት መፍቻና የምንጩን ጽሑፍ ጨምሩ። በፊደልና በቁጥር የተከፈለ ፍርግርግ አድርጉበት። በስልክ «ሐ 4 ላይ ነኝ» ማለት ብዙ ያቀላል። ከታች በትልቁ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939 ጻፉ።

ስታወጡ ፒዲኤፍ ለማተሚያ ቤት፣ ኤስቪጂ ለማስተካከያ ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንድ ሌየር ላይ የማሳለፍ (ከሥር ያለውን የማሳየት) ወይም የቀለም ማዋሃድ ቅንብር ካለ ኪውጂአይኤስ ያንን ክፍል ወደ ምስል ሊቀይረው ይችላል። ቬክተር የመሰላችሁ ፋይል በውስጡ ፒክስል ይዞ ይወጣል። ሌየሩን በማሳለፍ ከማደብዘዝ ከመጀመሪያው ፈዘዝ ያለ ቀለም ምረጡለት። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ «እንደ ፓዝ» እንዲወጣ አድርጉ። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጣል፣ ፎንቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባይኖርም ግድ የለም። ይህ ካልተደረገ ማተሚያ ቤቱ ጋ «እህቴ፣ ይሄ ፎንት እኛ ጋ የለም» ትባላላችሁ፣ ወይም ሳይነግሯችሁ ባዶ ሳጥን ያለበት ባነር ይታተማል። ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፉን ከፍታችሁ እስከመጨረሻው አጉሉት። የፊደሉ ጠርዝ ለስላሳ ከሆነ ደኅና ነው።

ኤስቪጂውን ኢንክስኬፕ በሚባለው የቬክተር ሥዕል ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ የቀሩትን ጥቃቅን ነገሮች ማስተካከል ይቻላል፦ የአደባባዩን ምልክት ማሳመር፣ የብሎክ ቁጥር መሀል ማድረግ። እዚያ የለወጣችሁት ግን ወደ ኪውጂአይኤስ አይመለስም። ስለዚህ የስምና የመንገድ እርማት ሁሌ መረጃው ላይ ይሁን፤ ኢንክስኬፕ ለመልክ ብቻ።

መጀመሪያ አንድ ኤ4 ቁራጭ አትሙና አንብቡት። ስታትሙ «ትክክለኛ መጠን» ወይም 100 በመቶ የሚለውን ምረጡ። «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለው ካርታውን አሳንሶ ስኬሉን ያበላሸዋል። የርቀት አሞሌውን በማስመሪያ ለኩ። በ1 ለ2500 ካርታ ላይ 100 ሜትር 4 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ያንን ወረቀት ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ኮፒ አስደርጉት። ኮፒው ካልተነበበ ባነሩ ላይ ገንዘብ አታውጡ። ባነሩን ስትሰቅሉ ደግሞ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ፈልጉ። ቀይና ቢጫ ቶሎ ይለቃሉ። ኤ3ውን ላሚኔት ብታስደርጉት ክረምቱን ይችላል።

እርማቱን መመለስ

የታተመው ካርታ ረቂቅ ነው። እድር ላይ ወይም የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ እርሳስ አስቀምጡ። ሰው ራሱ መጥቶ «ይሄ በር ተዘግቷል»፣ «እዚህ ጋ መሻገሪያ ድልድይ አለ» ይላል። ያንን ሁሉ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ በስማችሁ አካውንት ከፍታችሁ አስገቡት። ድረ ገጹ ላይ ያለው አይዲ የሚባለው ማስተካከያ ለጀማሪ ቀላል ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ስትሪትኮምፕሊት አለ፤ እየሄዳችሁ «ይህ መንገድ በምን ተነጥፏል?» እያለ ይጠይቃችኋል። ከጉግል ካርታ ግን ስምም መስመርም አትቅዱ፣ ፈቃዱ አይፈቅድም። መሳል የሚቻለው ማስተካከያው ውስጥ ከተፈቀዱት የሳተላይት ምስሎች ላይ ነው። እነሱም የቆዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቦታው ላይ ሄዳችሁ እዩ። ከተማ ዳር ቤት ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ይፈርሳል። የሰው ስምና ማን የት እንደሚኖር ደግሞ በፍጹም አታስገቡ። የብሎክ ቁጥር ይበቃል።

ቀለሙንና የጽሑፉን ቅንብር ኪውጂአይኤስ ላይ እንደ ስታይል ፋይል አስቀምጡት። መረጃው ሲታደስ በኩዊክ ኦኤስኤም ደግማችሁ ታወርዳላችሁ፣ ስታይሉን ትጭናላችሁ፣ በእጅ የተስተካከሉትን ስሞች ትቃኛላችሁ፣ ታወጣላችሁ። ካርታው ጥግ ላይ የታተመበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ አዲሱ ሲመጣ የትኛው ወርዶ የትኛው እንደሚሰቀል የጥበቃ ሠራተኛው በዚያ ያውቃል።